ለሁለት የተከፈለው መንገድ

«ሁለቱም ወገን አሸናፊ የሚሆንበት ስምምነት» የሚለውን ሐረግ የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መገናኛ አጠገብ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የሰፈር ነዋሪዎች ተሰብስበን ሳለ፣ ክራቫት ያሰረ ወጣት በነጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዎች ሣለና እጅ ለእጅ አጨባበጣቸው። ይህኛው ያገኛል፣ ያኛውም ያገኛል፣ የሚጎዳ የለም አለን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብሁም። ዕድሜውን ከፋይልና ከቃለ ጉባኤ ጋር የፈጀ ሰው «የሚጎዳ የለም» ሲባል አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስብሰባው ላይ ያልተጠራው ማን ነው? ይህን ወጣቱን አልጠየቅሁትም። ዝም ያሰኘኝ ጨዋነት አልነበረም። እርሱ ሳይወለድ በፊት እንዲህ ያለውን ስምምነት በገዛ እጄ ጽፌ፣ በእጅ ጽሕፈቴም ተመስግኜ ስለነበር ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ከተቀጠርሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከደጃፌ ቆሜ ሽቅብ ስመለከት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ቁልቁል ስመለከት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታየኛል። ከዳገቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወርዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ የመኪናው መንገድ ነው፤ ኮረብታውን እየዞረ ስለሚወርድ ለእግረኛ ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ ዳርና ዳሩንም የክረምት ጎርፍ ቦርቡሮ ሰው የሚውጥ ቦይ አድርጎታል። ሁለተኛው የእኛ ነበር። ቀጥ ብሎ የሚወርድ የእግር መንገድ ሆኖ፣ ድሮ ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ሳይጨናነቁ ያልፉበት እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። እኔ በደረስሁበት ዘመን ግን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ከሄዱ ትከሻቸው አጥር ይነካ ነበር።

አጥሮቹ የሁለት ሰዎች ናቸው። በግራ በኩል የአንድ ባላምባራስ ግቢ አለ፤ ማዕረጋቸውን ሰው ሲዘነጋባቸው ራሳቸው የሚያስታውሱ፣ ከአንዲት በቅሎ በቀር የቀድሞ ክብራቸውን የሚያሳይ ነገር ያልቀራቸው ሰው ነበሩ። በቀኝ በኩል የአንድ አጣና ነጋዴ ግቢ አለ፤ ከእንጦጦ በአህያ እየተጫነ የሚወርድለትን ባሕር ዛፍ ከምሮ የሚሸጥ፣ ድምፁ ከግቢው የሚሰፋ ሰው።

መንገዱ የጠበበበት ዘዴ ሊመዘገብ የሚገባው ነው። በእኛ ሰፈር አጥር የሚታደሰው ክረምቱ እንደወጣ ነው። የበሰበሰው ቋሚ ይነቀልና አዲስ ይተከላል። አዲሱ ግን በአሮጌው ጉድጓድ አይገባም፤ «ጉድጓዱ ውኃ ይዟል» ይባልና አንድ ስንዝር ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሎ ሌላ ይቆፈራል። ወደ ውስጥ ፈቀቅ ያለ አጥር በዕድሜዬ አላየሁም። ባላምባራስ በአንድ ስንዝር ሲወጡ ነጋዴው በአንድ ስንዝር ይወጣል፤ ከዚያም ሁለቱ በየአጥራቸው ላይ አንገታቸውን አስግገው ለመንገዱ ጥብቅና ይቆማሉ።

«የሕዝብ መንገድ እየበላህ የት ልትደርስ ነው?» ይላሉ ባላምባራስ።

«እርስዎ የበሉትን ቀድመው ይትፉና እኔን ይጠይቁኝ!» ይላል ነጋዴው።

«እኔ ባላምባራስ ነኝ፤ መሬት ስርቆት አላውቅም!»

«አይ፣ ማዕረግዎ ነዋ በየዓመቱ ቋሚውን የሚገፋው!»

በዚህ ሁኔታ ስድስት ዓመት ሳይነጋገሩ፣ ማለትም ከስድብ በቀር ሳይነጋገሩ፣ ኖሩ።

በመንገዱ ብዙ ሰው ይወጣ ይወርድ ነበር። ከሁሉ ይልቅ መንገዱ የእርሳቸው የሚመስለኝ ግን የኔታ ናቸው። የኔታ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ አጥፍቶታል። ቤታቸው ከእኔ ከፍ ብሎ ነው። በየማለዳው ለኪዳን፣ መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው፣ ማንም ሳይመራቸው ከደጃፋቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይወርዳሉ። የበቅሎዋ ጋጣ ሽታ ሲደርሳቸው ከመንገዱ ሲሶ እንደሄዱ ያውቃሉ፤ የአጣናው ክምር ትኩስ ሽታ ሲመጣ ወደ ግራ ዘንበል ይላሉ፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዘንጋቸው ሲነካው የሚቀራቸውን እርምጃ በልባቸው ይቆጥራሉ። ሊመራቸው እጁን የዘረጋ ሰው ቢኖር መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው «አንተ ራስህ እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ» ይሉታል። በዕድሜያቸው የሚኮሩበት ነገር ዜማቸው አልነበረም፤ ዜማ የእግዚአብሔር ነው ይላሉ። የሚኮሩት በዚያ መንገድ ብቻቸውን በመሄዳቸው ነበር።

እኔን በኮቴዬ ያውቁኛል። አንድ ቀን አዲስ ጫማ አድርጌ ስወርድ ከኋላዬ፦

«ጸሐፊው፣ ዛሬ ጫማህ ይጮኻል፤ ለአለቃህ ነው ለሴት?» አሉኝ።

«ለመሥሪያ ቤት ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ከስረሃል» ብለው አለፉኝ።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ አጥር ሲታደስ የሁለቱ ግቢ ሠራተኞች በቋሚ ተማቱ፤ የአንዱ ራስ ተፈነከተ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሊደርስ ሆነ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው ይህን ሲሰሙ ሽምግልና ተቀመጡ። እኚህ ሰው በጡረታ ላይ ያሉ ዳኛ ነበሩ፤ ሁላችንም ዳኛው እንላቸዋለን። አብረዋቸው አንድ ቄስና ከወደ እንጦጦ የወረዱ አንድ አረጋዊ ገበሬ ተሰየሙ። ዳኛው እኔን አስጠርተው «ቅዳሜ ቦታውን ለክተህ ታመጣልኛለህ፤ እሑድ ውሉን ትጽፋለህ» አሉኝ። ለሃያ ሦስት ዓመት ጸሐፊ ይህ ሹመት ነው።

ቅዳሜ ገመድ ይዤ ወረድሁ። ሥራዬን በጥንቃቄ ሠራሁ። በሁለቱም አጥር ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ አፈር የሞላባቸው የአሮጌ ቋሚ ጉድጓዶች በተርታ ይታዩ ነበር፤ አንዱ ተርታ ካንዱ አንድ ስንዝር ይርቃል። የባላምባራስ ግቢ ተርታዎች ከነጋዴው ተርታዎች ጋር እኩል ነበሩ። ርቀታቸውን በሠንጠረዥ አሰፈርሁ፤ በሁለት ቀለምም አሰመርሁበት። አሁንም ቢሆን ያ ሠንጠረዥ የተጣራ ሥራ ነበር እላለሁ።

ዳኛው ወረቀቱን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡት።

«ይኼ ወረቀት ሁለቱንም ጥፋተኛ ያደርጋል» አሉ።

«ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው እኮ፣ አባቴ።»

«ጥፋተኛ ይፈረድበታል እንጂ አይታረቅም። ሽማግሌ ደግሞ አንዱንም ወገን ባዶ እጁን አይሰድም። ይህን ወደፊት ትማረዋለህ።» ወረቀቴን አራት ላይ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ጨመሩት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በዳኛው ግቢ ተቀመጥን። ባላምባራስ ተናገሩ፤ ነጋዴው ተናገረ። ሁለቱም ስለ መንገዱ ተቆርቁረው ሲናገሩ የሰሚን ዓይን ያስለቅስ ነበር። ዳኛው ሁለቱን ካደመጡ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መላውን አመጡ። ይህ ሁሉ ጠብ የመጣው በመካከል ካለው ቦታ ነው፤ ስለዚህ መካከሉ ይጥፋ። በልኬት እኩል ይከፈል፤ ግማሹ ለባላምባራስ፣ ግማሹ ለነጋዴው ይሁን፤ ሁለቱ ግቢዎች በአንድ አጥር ይዋሰኑ። ከእንግዲህ የሚያጣላ ነገር አይኖርም።

የሁለቱ ሰዎች ፊት ሲበራ አየሁ። ባላምባራስ ለበቅሏቸው ሰፋ ያለ ጋጣ፣ ነጋዴው ለአጣናው ሌላ ክምር መሥሪያ በሐሳባቸው ሲለኩ ይታዩ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላውን የሕዝብ መንገድ በላ እያለ ሲከስ የኖረው፣ ጠቅላላውን እኩል እስኪያካፍሏቸው ኖሯል።

እንጦጦ ላይ የሚያርሱት አረጋዊ ብቻ እጃቸውን አነሡ።

«እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይኼ ለባላምባራስ፣ ይኼ ለጎረቤታቸው አላችሁ። ጥሩ ነው። ለመንገዱስ የቆመለት ማን ነው?»

«መንገድ ይከስሳል እንዴ፣ ወንድሜ?» አሉ ዳኛው። «ከሳሽ ከሌለ ጉዳይ የለም።»

«አይ፣ እኔ እንኳ በሬዎቼን ሳልጠይቅ ቀንበር አላጋራም» አሉ አረጋዊው። ሰዎች ሳቁ። እርሳቸው አልሳቁም፤ ግን በአንድ ድምፅ ምን ያደርጋሉ?

ብዕሬን አነሣሁ። «በሁለቱ ግቢዎች መካከል የሚገኘው መንገድ» ብዬ ስጀምር ዳኛው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«መንገድ ብለህ አትጻፍ። ክፍት ቦታ በል።»

ክፍት ቦታ አልሁ። ሌላ የምለው ነገር የለኝም። ለክቼዋለሁ፤ በየቀኑ እሄድበታለሁ፤ መንገድ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ክፍት ቦታ ብዬ ግን በቀጥተኛ መስመር፣ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍሁት። ዳኛው ወረቀቱን አንሥተው ለጉባኤው አሳዩና «እንዲህ ያለ እጅ ለቤተ መንግሥት ነበር!» አሉ። ደስ አለኝ። ይህንንም መጻፍ ይገባኛል፤ በጣም ደስ አለኝ።

ሁለቱ ባላንጣዎች ተሳሳሙ። ነጋዴው በግ አሳርዷል፤ ጠላውም ተቀድቷል። መዝጊያው ምርቃት ነውና የኔታ ሰው ተልኮባቸው ተጠሩ። መጡና መሐል ላይ ተቀመጡ።

«እሰይ፣ እሰይ! ለመሆኑ በምን ታረቁ?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለቱም ተጠቅመዋል፣ የኔታ፤ አንዱም አልተጎዳ» አሉ ዳኛው። «እርስዎ ብቻ ይመርቁልን።»

«አንዱም ካልተጎዳ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ የኔታ፤ ተነሥተውም መረቁ። ቤታችሁ ይስፋ፣ ደጃችሁ አይዘጋ አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነበር፤ ቀለሙ አልደረቀም። አፌን ብከፍት የሚከለክለኝ አልነበረም። ነገር ግን በግ ታርዶ፣ ሰው ተሳስሞ፣ እጄ ለቤተ መንግሥት ነው ተብሎ ሳለ አፍን መክፈት ይከብዳል። በሰው ንብረት የተጣሉትን ሁለት ሰዎች ንብረቱን አካፍሎ ማስታረቅን የመሰለ ቀላል ሽምግልና በዓለም ላይ የለም፤ ከዚያ የሚቀለው እዚያ ተቀምጦ አሜን ማለት ብቻ ነው።

አጥሩ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተጀምሮ ሲመሽ አለቀ። ጉድጓዱን የባላምባራስ ሰዎች ቆፈሩ፤ አጣናውን ነጋዴው በነጻ ሰጠ። ስድስት ዓመት የተሰዳደቡት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው «ትንሽ ወደ አንተ፤ የለም ወደ እርስዎ ይሁን» እየተባባሉ ሲገባበዙ ላያቸው ወንድማማቾች ይመስሉ ነበር። መንገዱ ከላይም ከታችም ተዘጋ። እኔ ማክሰኞ ከሥራ በመኪናው መንገድ ተመለስሁ፤ ለየኔታ ለመንገር ነገ ይሆናል ብዬ አደርሁ።

ነገ እርሳቸው ቀደሙኝ። ገና ሲነጋጋ ከደጃፌ ስወጣ መቋሚያቸው አጣናውን ሲመታ ሰማሁ። አንድ ጊዜ መታ፤ ፈቀቅ ብሎ መታ፤ ወደ ቀኝ ሄዶ መታ። ስደርስ መዳፋቸውን አጥሩ ላይ አድርገው እያንዳንዱን ቋሚ ይዳስሱ ነበር።

«ጸሐፊው ነህ?»

«ነኝ፣ የኔታ።»

«ይኼ ትኩስ አጣና ነው። መንገዴ ላይ ምን ይሠራል?»

«እሑድ የታረቁት… በዚህ ነው የታረቁት። ለሁለት ተካፈሉት።»

መዳፋቸውን ከአጥሩ ሳያነሡ ጠየቁኝ።

«እኔ የመረቅሁት ይህን ነው?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጽሕፈቱ ያምራል?»

አልመለስሁም።

«ያምራል ማለት ነው» አሉ። «እኔ እንኳ እንደምታየኝ አላነብም፤ በእጄ ዳስሼ ገባኝ።» ከታች የኪዳኑ ደወል ተደወለ። በዚያ ማለዳ የመኪናውን መንገድ አያውቁትምና አልወረዱም፤ ዞረው ወደ ቤታቸው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የምችለውን ሁሉ አደረግሁ፤ ጥቅሙ ግን ከዚህ ቀጥሎ እንደሚታየው ነው። በመጀመሪያ ባላምባራስ ዘንድ ሄድሁ።

«እኔ የወሰድሁት ግማሹን ብቻ ነው» አሉኝ። «ግማሽ መንገድ ደግሞ መንገድ አይባልም። መንገድ የዘጋ ሰው ቢኖር ሌላውን ግማሽ የወሰደው ነው። እኔማ ለየኔታ ስል እከፍት ነበር፤ ወዳጄ ይቀየመኛል።»

ነጋዴው ዘንድ ሄድሁ። «ጋሼ፣ ለየኔታ ብቻ የምትበቃ ቀጭን ማለፊያ ይተዉልን» አልሁት።

«ለየኔታ ነፍሴንም አልሰስት! ግን ባላምባራስን ሳላማክር አጥር ብነካ ምን ይሉኛል? ገና ሳምንት ያልሞላው ፍቅር ነው፤ በእኔ በኩል አይፈርስም።»

ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ሲጣሉ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ ስለነበር መንገዱ እየጠበበም ቢሆን ኖሯል። የጨረሰው መዋደዳቸው ነው።

ዳኛው ዘንድም ሄድሁ።

«የታረቀ ሰው ልታጣላ መጣህ?» አሉኝ።

«የቅዳሜውን ልኬት ይመልሱልኝ፣ አባቴ። ለሚመለከተው ክፍል ላመልክት ነው።»

«የቱን ልኬት?» አሉና ኪሳቸውን ሳይዳስሱ አዩኝ።

ያለ ልኬቱም አመለከትሁ። ጉዳዩን የያዘው ሹም ባላምባራስ ያቀረቡለትን ውል ከማመልከቻዬ ጎን ዘርግቶ አንዱን ከአንዱ ሲያስተያይ ቆየ። «በማመልከቻህ መንገድ ነው ትላለህ፤ በውሉ ክፍት ቦታ ነው ትላለህ። ሁለቱም ያንተ እጅ ነው። የትኛውን ልመንልህ?» አለኝ። ይህም በመንግሥት ሥራ ዘመኔ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ነበር። ማመልከቻው ወደ መዝገብ ቤት ተመራ። መዝገብ ቤት የገባ ወረቀት ምን እንደሚሆን እኔ መዝገብ ቤት የምሠራው ሰው አውቃለሁ።

ሌላው የሰፈር ሰው ለጥቂት ቀን አጉረመረመ፤ ከዚያ ለመደ። ዓይን ያለው ሰው ረጅሙን መንገድ ይለምዳል። የኔታ ግን በመኪናው መንገድ ብቻቸውን ሊሄዱ ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለት ጊዜ ጎርፉ ከቦረቦረው ቦይ ገቡ፤ በሁለተኛው እጃቸው ወለም አለ። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ማለዳ ደጃፋቸው ቆሜ «የኔታ፣ እኔ እወርዳለሁ፤ አብረን እንውረድ» አልኋቸው። ብዙ ከቆዩ በኋላ የመቋሚያቸውን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጉልኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱና በየበዓሉ መራኋቸው። በሌላው ቀን ኪዳን ያለ እርሳቸው ይደርሳል። ስለ ጫማዬ ከእንግዲህ አልቀለዱብኝም፤ አላመሰገኑኝምም፤ ሁለቱም ይገባኛል።

አንድ እሑድ በዚያው በመኪናው መንገድ ስንወርድ ባላምባራስና ነጋዴው ወደ መንገዱ በሚከፈተው በባላምባራስ በር ላይ የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሁለቱም ብድግ ብለው እጅ ነሱ።

«አየህ፣ ልጄ» አሉ ባላምባራስ፣ ወደ እኔ እየተመለከቱ፤ «በዚያ እርቅ ያልተጠቀመ ሰው የለም። እኛ ሰላም አገኘን። የኔታ መሪ አገኙ። አንተም የማትጠብቀው ጽድቅ አገኘህ።»

«ሁላችንም ተጠቅመናል!» አለ ነጋዴው፤ ሳቁም ከአጥር አጥር ተሰማ።

የኔታ ቆሙ። ከዚያም መቋሚያቸውን ከእጄ ነጠቁና ወደ ፊት ተራመዱ። አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ሁለተኛውን ደገሙ፤ በሦስተኛው መቋሚያው ምድር ፈልጎ አጣ። ከፊታቸው ቦዩ ነበር።

«ኧረ የኔታ! ቦዩ ነው! አንተ ያዛቸው እንጂ!» አሉ ሁለቱ በአንድ ድምፅ።

አልያዝኋቸውም። የቦዩ አፋፍ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ ጀርባቸው ለእኛ፣ ፊታቸው ወደ ደወሉ። በኋላም ፊታቸውን ሳይመልሱ የመቋሚያውን ጫፍ ወደ ኋላ ዘረጉት። ሄጄ ያዝሁት።